በቦይለር ቧንቧ ዙሪያ ያለን ክፍተት አሳምሮ መዝጋት፦ ከፍተሻ እስከ ክብ መሸፈኛው

ባሕር ዳር ውስጥ ሻወር ቤት ገብታችሁ የቦይለሩ ቧንቧ ከግድግዳው የሚወጣበትን ቦታ ብታዩ ከሁለት አንዱን ታገኛላችሁ። ወይ ጣት የሚያስገባ ክፍት ቀዳዳ ነው፣ ወይ ነጭ ሲሚንቶ ተለድፎበት ዙሪያውን እንደ ቀለበት ተሰንጥቋል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ለማስተካከል የተሞከረ ነው። ሲሚንቶው ይረግፋል፣ እንደገና ይለደፋል፣ ከወር በኋላ እንደገና ይረግፋል።

ጥፋቱ የሲሚንቶው አይደለም። ቧንቧው ስለሚንቀሳቀስ ነው። 1 ሜትር የፒፒአር (የፕላስቲክ) ቧንቧ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 7.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ጋልቫናይዝድ ብረት በዚያው ሙቀት 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚረዝመው፣ ግን እሱም ቢሆን ቀጭን ልጥፍ ለመሰንጠቅ አያንስም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፦ በግድግዳው በኩል ጠንካራ፣ በቧንቧው በኩል ለስላሳ።

የሚከተለው ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ያላችሁ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ሳታነቡ ምንም አትንኩ።

ፈጽሞ የማይዘጉ ቀዳዳዎች

*የሴፍቲ ቫልቩ ማንጠባጠቢያ።* ቀዝቃዛው ውኃ በሚገባበት፣ ሰማያዊ ምልክት ባለው በኩል የተገጠመችው ትንሽ ቫልቭ ከጎኗ ቀጭን አፍ አላት። ቦይለሩ ሲሞቅ ከዚያ ጠብ ጠብ ማለቱ ብልሽት አይደለም። 50 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ1 ሊትር ገደማ ይጨምራል፤ ያ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል። «ግድግዳውን አረጠበው» ተብሎ አፉ በሲሊኮን ወይም በእንጨት ቢደፈን ግፊቱ ታንኩን ይቀደዋል። ጠብታው ካስቸገራችሁ በአፉ ላይ ቀጭን ላስቲክ ጎማ ሰክታችሁ ወደ ፍሳሹ ቁልቁል አውርዱት። የጎማው ጫፍ ክፍት ሆኖ፣ ውኃ ውስጥ ሳይጠልቅ ይቀመጥ።

*የጋዝ ማሞቂያ የጭስ ማውጫ።* በእሱ ዙሪያ ፎምም (ተነፍቶ የሚያብጥ መሙያ) ሲሊኮንም አይገባም፤ ይቃጠላሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳም ቢሆን አይደፈንም። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው በእንቅልፉ ይገድላል። ይህን ለጋዝ ባለሙያ ተዉት።

*የሻወር ቤቱ የአየር መውጫ።* ቢንቢ ገባ ብላችሁ አትድፈኑት፤ የትንኝ ወንፊት ወጥሩበት።

*የቦይለሩ ታችኛ ክዳን።* ገመዱ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ፎም እዚያ ውስጥ ከነፋችሁ ቴርሞስታቱን የሚቀይር ሰው ክዳኑን መክፈት አይችልም።

የሚያስፈልገው ዕቃ (ለሁለት ቧንቧ፣ በሁለቱም የግድግዳ ፊት)

- ኒውትራል ሲሊኮን፣ 280 ወይም 300 ሚሊ ሊትር፣ 1 ቱቦ። ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸተውን አትግዙ፤ ጋልቫናይዝድና መዳብ ይበላል፣ ሲሚንቶ ላይም በደንብ አይይዝም። ቱቦው ላይ «ኒውትራል» የሚል ካላገኛችሁ ሻጩን ጠይቁ።
- የሲሊኮን ጠመንጃ፣ 1
- የወረቀት ፕላስተር (ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት)፣ 1 ጥቅል
- የኤሲ ቧንቧ የሚለብሰው ጥቁር ጎማ፣ ግማሽ ሜትር
- ባለ 40 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ፣ ከግድግዳው ውፍረት ሁለት እጥፍ ትንሽ የሚበልጥ። ቀዳዳው ትልቅ ከሆነ ብቻ።
- ሲሚንቶ 1 የውኃ ብርጭቆ፣ የተነፋ አሸዋ 3 ብርጭቆ። ይህም ለትልቅ ቀዳዳ ብቻ።
- ክብ መሸፈኛ፣ ለእያንዳንዱ ፊት 1። ለሁለት ተከፍሎ የሚገጣጠመውን ምረጡ፤ አንድ ወጥ የሆነው መሸፈኛ ቧንቧው ካልተፈታ አይገባም።
- ካተር፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ሴጌቶ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የቀለም ብሩሽ፣ ሶፍት፣ አልኮል፣ ቴስተር፣ የዓይን መከላከያ መነጽር

አንድ ቱቦ ሲሊኮን በ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት 8 ሜትር ያህል ይሄዳል። የአንድ ቧንቧ ዙሪያ ደግሞ አንድ ስንዝር አይሞላም። ቱቦው አንዴ ከተከፈተ አፉ ላይ ደርቆ ይቀራልና ማዕድ ቤቱን፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ የሽንት ቤቱን ቧንቧ ሁሉ በዚያው ቀን ጨርሱ።

መቼ ይሠራ?

ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ጊዜ ይመረጣል፤ ግድግዳው ደርቋል። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ስለሆነ የክረምት አየር አይጎዳውም። የሚጎዳው የረጠበ ግድግዳ ነው፤ እርጥብ ላይ የተቀባ ሲሊኮን አይጣበቅም። ሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች ሐምሌና ነሐሴ ላይ የውጭ ግድግዳቸው ለቀናት ስለማይደርቅ በዚያ ወቅት የውስጡን ብቻ ሠርታችሁ የውጩን ዝናቡ ሲያባራ ቀጥሉ። ግን ብዙ አታቆዩት፤ ቢንቢ በክፍተቱ ይገባል፣ ወባ የሚበረታውም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀዳዳው ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ

ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ላይ ክፍተት ከዘጋችሁ ውኃው መንገዱን ቀይሮ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል፤ ከሦስት ወር በኋላ በወዲያኛው ክፍል ቀለሙ ይነፋል።

ማታ ላይ ቦይለሩን ከማብራታችሁ በፊት መጋጠሚያዎቹን በጨርቅ አድርቁ። ከዚያ ደረቅ ሶፍት እያጠፋችሁ በስድስት ቦታ ጠምጥሙ፦ በቦይለሩ ሁለት አፍ፣ በፍሌክሲብሎቹ (ቦይለሩን ከግድግዳው ቧንቧ ጋር በሚያገናኙት ተጣጣፊ ቱቦዎች) ታችኛ ጫፍ፣ ቧንቧዎቹ ከግድግዳው በሚወጡበት አንገት። ገመዱን አትንኩ። ቦይለሩን አብርታችሁ ውኃው እስኪሞቅ ጠብቁ፣ አጥፉት፣ ሶፍቱን እስከ ጠዋት ተዉት።

ጠዋት እንዲህ አንብቡት፦

*መጋጠሚያው ላይ ያለው ረጥቧል።* የፍሌክሲብሉ የጎማ ዋሸር ደርቋል ወይም ቴፍሎኑ (የመጋጠሚያው ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ቀጭን ነጭ ቴፕ) አንሷል። ውኃውን ዘግታችሁ ፍቱት፣ ዋሸሩን ቀይሩ። ጥርስ ላይ ቴፍሎን የምትጠመጥሙ ከሆነ የጥርሱን ጫፍ ወደ ፊታችሁ አዙራችሁ በሰዓት አቅጣጫ ከ12 እስከ 15 ዙር ጠምጥሙ። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ስታጠብቁት ተጠቅልሎ ይወጣል። ፍሌክሲብሉ የራሱ ዋሸር ካለው ቴፍሎን አያስፈልገውም።

*መጋጠሚያዎቹ ደረቅ ናቸው፣ የአንገቱ ግን ረጥቧል።* ፍሳሹ ግድግዳው ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና የውኃ ቆጣሪውን ትንሿን መሽከርከሪያ እዩ፤ ማንም ሳይቀዳ ከዞረች ተረጋግጧል። ጣሪያ ላይ ታንከር ካላችሁ እሱ እስኪሞላ ጠብቁ፣ አለዚያ ቆጣሪው ያታልላችኋል። ከታንከሩ ወደ ቤት የሚወርደው መስመር ቆጣሪ ላይ አይታይም፤ ለእሱ ማታ የታንከሩን ከፍታ ምልክት አድርጋችሁ ጠዋት እዩት። ፍሳሽ ካለ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ፤ ምንም አትዝጉ።

*ቀዝቃዛው ቧንቧ ከላይ እስከ ታች እኩል አልቦታል።* ይህ የሻወር እንፋሎት ነው፤ ፍሳሽ አይደለም። ጠርጋችሁ በሩን ክፍት ተዉት፤ ሻወር ካልተወሰደ አይመለስም።

*ውስጡ ደረቅ ሆኖ የሚረጥበው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነው።* ውኃው የሚገባው ከውጭ ነው። ደረጃ 8 ላይ እንደርስበታለን።

ደረጃ 2፦ ኤሌክትሪኩን አጥፉ

ብሬከሩን አውርዱ፤ የቦይለሩ ማብሪያ ብቻ አይበቃም። ማብሪያው አንዱን ሽቦ ብቻ የሚያቋርጥ ሊሆን ይችላል። መብራት በጠፋበት ሰዓት «አሁን ምን አለ» ብላችሁም አትጀምሩ፤ እጃችሁ ቀዳዳው ውስጥ እያለ ይመጣል። በቴስተር አረጋግጡ፣ ብሬከሩ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ለቤተሰቡም ንገሩ።

ታንኩ ውስጥ ያለው ውኃ እስከ ማግስቱ ሙቅ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሙቅ ውኃ ካልተቀዳ ቧንቧው ግን በግማሽ ሰዓት ይበርዳል። በበረደ ቧንቧ ላይ ሥሩ።

ደረጃ 3፦ አሮጌውን አውጡ

1. የሚነቃነቀውን ሲሚንቶና ጄሶ በመሮ ጫፍ ከቧንቧው ወደ ግድግዳው አቅጣጫ አንሱት። ወደ ቧንቧው አትምቱ፤ ፒፒአር በመሮ ተጭሮ ቀጭን ስንጥቅ ካበጀ ሲሞቅ ይፈነዳል።
2. ሴራሚክ ባለበት መዶሻ አትጠቀሙ። ጠርዙን በካተር እየበጣችሁ በእጅ አውጡ።
3. አሮጌ ሲሊኮን ካለ ሙሉ በሙሉ ይፋቅ። አዲስ ሲሊኮን በአሮጌ ላይ አይጣበቅም።
4. ጄሶ ካገኛችሁ አንድ ፍርፋሪ አታስቀሩ። ሻወር ቤት ውስጥ ይለሰልሳል፣ እርጥበት ይዞም ጋልቫናይዝድ ብረትን ያዝገዋል። ብረቱ ቀይ ቡናማ ሆኖ ካገኛችሁት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉና ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡ፤ ጣት ስትጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ቧንቧው መቀየር አለበት።
5. በቀለም ብሩሽ አቧራውን ጠርጉ፣ ከዚያ ሴራሚኩንና ቧንቧውን በአልኮል ወልውሉ። የሳሙና ቅባት የቀረበት ሴራሚክ ላይ ሲሊኮን እንደ ፕላስተር ተገፎ ይነሳል።

ጥቁር ሻጋታ ካለ 1 እጅ በረኪና በ4 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ቀቡ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ እጠቡ፣ አድርቁ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል አትጠቀሙ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ደረጃ 4፦ ለኩ፣ መንገዱን ምረጡ

ከቧንቧው ገላ እስከ ግድግዳው ጠርዝ ያለውን በጣም ሰፊ ቦታ ለኩ።

- እስከ 5 ሚሊ ሜትር፦ በቀጥታ ወደ ደረጃ 6።
- ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፦ ደረጃ 6፣ ግን ጥቁሩን ጎማ ድርብ አድርጋችሁ።
- ከ20 በላይ፦ ደረጃ 5 ግዴታ ነው። ይህን ያህል ስፋት በሲሊኮን ብቻ የሞላ ሰው ቱቦ ያባክናል፣ ሲሊኮኑም ከውስጥ ሳይደርቅ ይቀራል። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚደርቀው ከላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ቧንቧው ቀዳዳው መካከል ሳይሆን አንዱ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ ከተገኘ (ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው) በተጣበቀበት በኩል ግድግዳውን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ፋቁለት። ያለዚያ እዚያ ጋ ለስላሳ ነገር የሚገባበት ቦታ አይኖርም፣ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ደረጃ 5፦ ትልቅ ቀዳዳ፣ ቱቦና ሲሚንቶ

1. የፒቪሲውን ቱቦ በግድግዳው ውፍረት ልክ ቁረጡ። በውጭ በኩል 1 ሴንቲ ሜትር አስተርፉ።
2. ቧንቧው ሳይፈታ እንዲገባ ቱቦውን በርዝመቱ በሴጌቶ ሰንጥቁት። ከፍታችሁ ቧንቧው ላይ አልብሱት፣ ስንጥቁን ወደ ላይ አድርጉ፣ በፕላስተር እሰሩት። 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ሲቀመጥ በየአቅጣጫው 8 ሚሊ ሜትር ያህል መንቀሳቀሻ ያገኛል።
3. ቱቦውን ወደ ውጭ አዘንብሉት፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ በቂ ነው። ዝናብ ቢገባም ተመልሶ ይፈሳል።
4. ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ሲሚንቶውን ዝም ብላችሁ ከጨመራችሁ ወደ ታች ይወርድና ይጠፋል። መጀመሪያ የተነከረ የብሎኬት ስብርባሪ በቱቦው ዙሪያ ጠቅጥቁ፣ ከፊት 4 ሴንቲ ሜትር ባዶ አስቀሩ።
5. ቀዳዳውን በውኃ አርጥቡ። ደረቅ ብሎኬት የሲሚንቶውን ውኃ ጠጥቶ ዱቄት ያደርገዋል።
6. 1 ብርጭቆ ሲሚንቶ፣ 3 ብርጭቆ አሸዋ፤ ውኃው በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ። በሁለት ዙር ሙሉ፤ የመጀመሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር ጠቅጥቃችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን።
7. ከሴራሚኩ ወይም ከልስኑ ፊት 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይቁም።
8. ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ እርጩት። ከዚያ በደረቅ ወቅት 7 ቀን፣ በክረምት 2 ሳምንት አድርቁት። ነጣ ካላለ ሲሊኮን አይቀባም።

ፒቪሲው ቧንቧው ላይ ሲሚንቶ እንዳይነካ ነው የተቀመጠው። ሲሚንቶው በስንጥቁ በኩል ሾልኮ ከገባ ሥራው ከንቱ ነው፤ ከመድረቁ በፊት በሽቦ ጎትታችሁ አውጡት።

ስለ ፎም አንድ ነገር። ሠራተኛ ጠርታችሁ ከሆነ «በፎም ነፋ ላድርገውና ልሂድ» ማለቱ አይቀርም። ፎም ብሎኬት ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ለመሙላት ያገለግላል፤ ቁጥር 4 ላይ በስብርባሪው ፋንታ ብትጠቀሙት ችግር የለውም። ፊት ላይ ክፍት ሆኖ የቀረ ፎም ግን በፀሐይ ወደ ቡናማ ዱቄት ይለወጣል፣ አይጥ በአንድ ሌሊት ይቦረቡረዋል፣ እሳትም ቶሎ ይይዛል። ከነፋችሁ ቀዳዳውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ሙሉ፤ ራሱ ያብጣል። ከሰል ወይም ቡታጋዝ ባለበት ክፍል አትንፉ። እጅ ላይ ከደረቀ በፍቆት እንጂ በሳሙና አይለቅም፤ ጓንት አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ለስላሳው መደገፊያ

ጥቁሩን የኤሲ ጎማ በርዝመቱ ቁረጡ፤ ከክፍተቱ በሩብ ያህል የበለጠ ይወፍር፣ ተጨምቆ መግባት አለበት። በቧንቧው ዙሪያ ጠምጥማችሁ በእንጨት ጫፍ ወደ ውስጥ ግፉት፣ ከፊት 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ብቻ አስቀሩ። ይህ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ሲሊኮኑ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ይደግፈዋል፣ ቧንቧው ሲንቀሳቀስም አብሮት ይሄዳል።

ጎማው ካልተገኘ ለቀዝቃዛው ቧንቧ ያረጀ የስፖንጅ ነጠላ ጫማ ሶል በካተር ተቆርጦ ይሠራል፤ ውኃ አይጠጣም። ለሙቁ ግን አይሆንም፣ ይለሰልሳል። የፍራሽ ስፖንጅ ለሁለቱም አይሆንም፣ ውኃ ይዞ ይሻግታል። ክፍተቱ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነና ጎማው አልገባ ካለ የጎማውን ቀጭን ልጣጭ ብቻ ክተቱ።

አይጥ የሚያስቸግራችሁ ቤት ከሆነ ከጎማው በስተጀርባ የማይዝግ የዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቁ። የሚዝገውን ከተጠቀማችሁ ቀይ ቡናማ ውኃ በሴራሚኩ ላይ ይወርዳል። የአይጥ ግልገል በ6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያልፋል።

ደረጃ 7፦ ሲሊኮኑን መቀባት

1. በግድግዳው ላይ ከቀዳዳው ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ርቃችሁ ፕላስተር በክብ ለጥፉ። ክብ ለማድረግ አጫጭር ቁራጮችን እያደራረባችሁ ሂዱ። ቧንቧው ላይም ከግድግዳው 5 ሚሊ ሜትር ወጣ ብላችሁ አንድ ዙር ጠምጥሙ።
2. ፒፒአር ከሆነ ሲሊኮን የሚነካውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ አሻክሩ፣ ጥረጉት። እንዲያም ሆኖ ሲሊኮን ፒፒአር ላይ አጥብቆ አይይዝም። ፕላስቲኩ ተፈጥሮው ነው። ግድግዳውን አጥብቆ ይዞ ቧንቧውን ተጠግቶ መቆሙ ይበቃል፤ ለዚህ ነው ከፊቱ ክብ መሸፈኛ የሚገባው።
3. የቱቦውን አፍ በ45 ዲግሪ፣ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ቁረጡ። ጠመንጃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የውስጡን ሽፋን መቅደዳችሁን አረጋግጡ።
4. ከላይ፣ 12 ቁጥር ላይ ጀምሩ። በግራ ወርዳችሁ 6 ቁጥር ላይ ቁሙ፤ ተመልሳችሁ በቀኝ ውረዱ። በአንድ ትንፋሽ ሙሉ ዙር ለማድረግ የሚሞክር ሰው ከቧንቧው ጀርባ ሁልጊዜ ክፍት ይተዋል። አፉን እየገፋችሁ እንጂ እየጎተታችሁ አትሂዱ፤ ሲገፋ ወደ ውስጥ ይገባል።
5. ጣታችሁን በሳሙና ውኃ ነክራችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አሻሹት። መደጋገም ያበላሸዋል።
6. ወዲያው፣ ከ10 ደቂቃ በፊት ፕላስተሩን ላጡ። ቆዳ ካበጀ በኋላ ብትልጡት ጠርዙ ይቀደዳል።
7. ለ24 ሰዓት ሻወር አይወሰድ፣ ቦይለሩም አይብራ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከቀባችሁ እስከ ነገ 3 ሰዓት ማለት ነው። ቧንቧው ሲሞቅ ሲሊኮኑ ገና ስላልጠና ይገነጠላል።

ግድግዳው የሚቀባ ከሆነ ቀለሙን አስቀድማችሁ ቀቡ። ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም።

ከጎን ያለውን የኤሌክትሪክ ገመድ ከቧንቧው ጋር በአንድ ሲሊኮን አትጠቅልሉት፤ በተለይ ከሙቁ ጋር። ገመዱ የራሱ ቱቦ፣ የራሱ ቀዳዳ ይኑረው።

ደረጃ 8፦ የውጩ ፊት

ከውጭ የሚመጣው ዝናብ ስለሆነ ሲሊኮኑን ከላይና ከጎን አጥብቃችሁ ቀቡ፣ 6 ቁጥር ላይ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። የገባ ውኃ መውጫው እሱ ነው። በዚያች ክፍተት ቢንቢና ጉንዳን እንዳይገባ ትንሽ የትንኝ ወንፊት ከመቀባታችሁ በፊት ከሥር አስገቡ። ዙሪያውን ሙሉ የዘጋ ሰው ውኃውን ግድግዳ ውስጥ ያሥረዋል።

ቧንቧው ከቀዳዳው በላይ ባለ ቦታ እየወረደ የሚገባ ከሆነ የዝናብ ውኃ ገላውን ተከትሎ ይገባል። ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ አንድ የጎማ ቀለበት አጥልቁበት፤ ጠብታው እዚያ ይቆረጣል።

ደረጃ 9፦ ክብ መሸፈኛው

ሲሊኮኑ ከደረቀ በኋላ ሁለቱን ግማሾች ቧንቧው ላይ ገጥሙ፣ ወደ ግድግዳው ግፉ። ከኋላው ሦስት ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የሚያክል ሲሊኮን ብቻ። ሙሉ ዙሪያውን ከለጠፋችሁት፣ ኋላ ቫልቭ ለመቀየር መስበር ሊኖርባችሁ ነው። የመሸፈኛው ቀዳዳ ከቧንቧው 1 ሚሊ ሜትር ሰፋ ይበል፤ ጠባብ ሆኖ ከነከሰው ቧንቧው ሲንቀሳቀስ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ታሰማላችሁ።

ደረጃ 10፦ መልሶ ማብራት

ውኃ ዘግታችሁ ከነበረ ቀዝቃዛውን ቫልቭ ክፈቱ፣ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱና አየሩ ወጥቶ ውኃው ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ጠብቁ። ከዚያ በኋላ ብቻ ብሬከሩ ይነሳል። የሰፈሩ ውኃ የጠፋ ቀን ከሆነ ቦይለሩ ባዶ ሊሆን ይችላልና አታብሩት፤ ባዶ ታንክ ውስጥ ያለ ማሞቂያ በደቂቃዎች ይቃጠላል።

የጭቃ ቤት ከሆነ

ሲሚንቶ በጭቃና ጭድ ላይ አይጣበቅም፤ እንደ ቆብ ተላቆ ይወርዳል። የፒቪሲውን ቱቦ ከግድግዳው እንጨት ጋር በሽቦ እሰሩት፣ ዙሪያውን በቀጭን ጭድ በተለወሰ ጭቃ ሙሉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ የሚሰነጠቀውን እንደገና ምረጉ። ሲሊኮኑ የሚገባው በቱቦውና በቧንቧው መካከል ብቻ ነው። ምስጥ እርጥበት ተከትሎ ስለሚመጣ በዚህ ቤት ደረጃ 1ን ሁለት ሌሊት ደጋግሙት።

ቆርቆሮ ጣሪያን ለሚበሳ የሶላር ቦይለር

ቀዳዳው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይበሳም። ሲሊኮን ብቻውን አይበቃም፤ የጎማ ቆብ አልብሳችሁ ጠርዙን በብሎን ከቆርቆሮው ጋር እሰሩ፣ ከሥሩ ኒውትራል ሲሊኮን አድርጉ። ኮምጣጤ የሚሸተው ዚንኩን ይበላዋል። ከሶላር የሚወርደው ውኃ ከኤሌክትሪክ ቦይለር ይልቅ ሊግል ይችላል፤ ኮርኒሱን በሚያልፍበት ቦታ ፎም አይነካው። ጣሪያ ላይ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አትውጡ።

ከተበላሸ

*ሲሊኮኑ ከሴራሚኩ ተገፎ ተነሳ።* ሳሙና ወይም እርጥበት ነበረበት። መጠገን የለም፤ ሁሉንም ፋቁ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ከደረጃ 6 ጀምሩ።

*ከሳምንት በኋላም ይጣበቃል፣ አልደረቀም።* ቱቦው ጊዜው ያለፈበት ነው። የተሠራበትን ቀን ሳታዩ አትግዙ፤ አውጥታችሁ ጣሉት።

*ከቧንቧው ጋር ቀጭን ክፍተት አበጀ፣ ግድግዳውን ግን ይዟል።* ፒፒአር ላይ የሚጠበቅ ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር ካልበለጠና መሸፈኛው ካለ ተዉት። ከበለጠ ከኋላው ያለው ጎማ ቀጭን ሆኗል ማለት ነው፤ ወፍራም ክተቱ።

*ሴራሚኩ ራሱ ከቀዳዳው ጀምሮ ተሰነጠቀ።* ቧንቧው ሴራሚኩን ነክቶ ይገፋዋል። ክፍተቱን በሴራሚክ መቁረጫ ዲስክ 4 ሚሊ ሜትር አስፉት፤ ስንጥቁ አያድግም። የተሰነጠቀው ቁራጭ የሚነቃነቅ ካልሆነ በሰፊ መሸፈኛ ሸፍኑት።

*ዝናብ ሲዘንብ አሁንም ይረጥባል።* ቀዳዳው አይደለም። ከላይ ያለውን የመስኮት ደፍ፣ የልስን ስንጥቅና አሸንዳውን እዩ፤ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት በበጋና በክረምት ስለሚንቀሳቀስ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ወደ ቧንቧው ይወርዳል። ግድግዳውን ከቧንቧው ከፍታ ጀምራችሁ በባልዲ ውኃ አርጥቡ፣ ከዚያ ከፍ እያላችሁ ቀጥሉ፤ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ይይ። ውስጡ መርጠብ ሲጀምር የደረሳችሁበት ከፍታ ውኃው የሚገባበትን ቦታ ይነግራችኋል።